ከመማሪያ ክፍሉ በፊት ወፍጮው፤ የደቡብ ኦሞ ልጆችን ትምህርት መደገፍ ለምትፈልጉ

ለሐመር፣ ለዳሰነች፣ ለኛንጋቶም ወይም ለሙርሲ ልጆች ብሎ ገንዘብ ያሰባሰበ ማኅበር መጀመሪያ የሚያስበው ክፍል መሥራት ነው። ብሎኬት፣ ቆርቆሮ፣ ቀለም፣ የምረቃ ቀን። በታችኛው ኦሞ ግን አብዛኛውን ጊዜ ልጅን ከትምህርት የሚያስቀረው የክፍል እጦት አይደለም፤ ሥራ ነው። ስድስት ሰባት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ ግልገልና ጥጃ ይጠብቃል። ከፍ ሲል ከብቱን ይዞ ራቅ ወዳለው የግጦሽ ሠፈር ይወርዳል። ሴቷ ውሃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ማሽላ ትፈጫለች፣ ታናናሾቿን ታዝላለች። ማሽላው ሲያሽት ደግሞ ወፍ የሚያባርሩት ልጆች ናቸው። ቤተሰቡ አንድ ልጅ ትምህርት ቤት ሲልክ አንድ ሠራተኛ ይጎድልበታል። «ወላጆቹ ትምህርት አይወዱም» የሚባለውን አትመኑ፤ ስሌታቸው ትክክል ነው፣ እኛ ነን ያላሰላነው።

ስለዚህ ገንዘቡ ጥቂት ከሆነ መጀመሪያ የሞተር ወፍጮና ውሃ፣ ቀጥሎ ምግብ፣ ከዚያ አስተማሪ፣ ግንብ በመጨረሻ። ክፍሉ ለጊዜው ከእንጨትና ከሣር የተሠራ ዳስ ቢሆን ልጅ ይማርበታል።

ወፍጮውን ላስቀድም፤ ብዙ ሰው ከትምህርት ጋር አያገናኘውም። ሴት ልጅ ማለዳ ተነስታ ድንጋይ ላይ ተንበርክካ የቤተሰቡን ማሽላ ትፈጫለች። ትምህርት ቤቱ አጠገብ ወፍጮ ካለ እህሉን ይዛ መጥታ፣ አስፈጭታ፣ ትምህርቷን ተከታትላ ዱቄቱን ይዛ ትመለሳለች። እናትየዋ ልጅቷን ለመላክ የራሷ ምክንያት ታገኛለች ማለት ነው። ወፍጮ ሥራ የሚያቆመው በሁለት ነገር ነው፦ በቺንጋና በናፍጣ። ቺንጋው ይበጠሳል፣ ፊልትሮው በአቧራ ይደፈናል፣ መለዋወጫው ጂንካ ወይም አርባ ምንጭ ካልሆነ አይገኝም። ወፍጮውን ስትገዙ ሁለት ትርፍ ቺንጋ፣ አራት የናፍጣ ፊልትሮ፣ የዓመት የሞተር ዘይትና የመፍቻ ሙሉ ዕቃ አብራችሁ ግዙ። ከመንደሩ ሁለት ሰው አሠልጥኑ፤ አንዱ ሴት ትሁን። የማስፈጫ ዋጋ መጠነኛም ቢሆን ይከፈል፤ የተከፈለው ለናፍጣና ለጥገና በተለየ ደብተር ይመዝገብ። በነጻ የሚፈጭ ወፍጮ የመጀመሪያው ቺንጋ እስኪበጠስ ድረስ ብቻ ነው የሚሠራው።

ውሃው ላይ ቁጥሩን በትክክል ያዙ። ለተመላላሽ ትምህርት ቤት በአንድ ተማሪ በቀን 5 ሊትር፣ ለአዳሪ 20 ሊትር ነው መለኪያው። 60 ልጅ የሚያድርበት ሆስቴል በቀን 1,200 ሊትር ይፈልጋል ማለት ነው፤ 10,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ 8 ቀን ያቆየዋል። የዝናብ ውሃን ብቻ ተማምኖ ሆስቴል የሚከፍት ይሳሳታል። 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ጣሪያ፣ በዓመት 400 ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት ቦታ፣ ከሚባክነው በቀር 32,000 ሊትር ገደማ ይሰበስባል፤ ያ ለ60 አዳሪ የ26 ቀን ውሃ ነው። ለመጠጥ ብቻ ከተለየ ግን፣ በልጅ 3 ሊትር ሒሳብ፣ አንድ ሙሉ ሮቶ 55 ቀን ያዘልቃል። ጉድጓዱ ለመታጠብና ለማብሰል፣ ጣሪያው ለመጠጥ ይሁን። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚወርድ ወደ ሮቶው አታስገቡት። ክዳኑ ካልገጠመ ደግሞ የወባ ትንኝ ይራባበታል።

ጉድጓድ ከማስቆፈራችሁ በፊት በአካባቢው ያለ ሌላ ጉድጓድ ውሃ ይመርመር፤ ጨውና ፍሎራይድ። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም በላይ ከሆነ የሚያድግ ልጅ ጥርስ ይበልዛል፣ መጠኑ በጣም ሲበዛ አጥንትም ይጎዳል። አፍሪዴቭ የእጅ ፓምፕ የሚስማማው ውሃው እስከ 45 ሜትር ጥልቀት ላይ ከሆነ ነው። የሚያልቁት ክፍሎቹ ይታወቃሉ፦ ዩ-ሲል (የፒስተኑ ጎማ)፣ ቦቢን (የቫልቩ ክፍል) እና የእጀታው ቡሺንግ። እነዚህ ትንንሽ ዕቃዎች ናቸው፤ ትርፍ የሌለው ሠፈር ግን በነሱ ምክንያት ለወራት ወደ ወንዝ ይመለሳል። ፓምፑ በየዓመቱ ተፈቶ እንዲታይ አስቀድሞ ቀን ይቆረጥለት፤ ከዝናቡ በፊት ቢሆን ይመረጣል።

ቦታ መረጣ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የዳሰነች ወረዳ ሜዳ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. ክረምት ኦሞ ወንዝ ሞልቶ ብዙ ሺህ ሰው አፈናቅሏል። ሽማግሌዎች «ውሃ እዚህ ደርሶ ያውቃል» የሚሉትን ምልክት ሳትሰሙ መሠረት አትጣሉ። የጊቤ ሦስት ግድብ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ዓመታዊው ሙላት እንደ ድሮው ስለማይመጣ ወንዙ ሲሸሽ በረጠበው መሬት ላይ ይዘራ የነበረው ማሽላ ተስተጓጉሏል። የርሃብ ወራት የቱ እንደሆነ ከድሮ መጽሐፍ ሳይሆን ዘንድሮ ከእናቶቹ ጠይቁ። ሌላው የሚረሳው ግጭት ነው። ልጁ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድበት መንገድ ሁለት ወገን የሚጋጭበትን ግጦሽ የሚያቋርጥ ከሆነ ወላጅ አይልክም፤ አለመላኩም ልክ ነው። ቦታው የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች የተስማሙበት ይሁን፤ በሐመር ደግሞ የቢታው (የባህላዊ መሪው) ቃል ሳይሰማ የተጀመረ ነገር ሥር አይሰድም።

አሁን ምግብ። ለአንድ ልጅ በቀን 150 ግራም እህል፣ 30 ግራም ጥራጥሬ፣ 10 ግራም ዘይትና 3 ግራም አዮዲን ያለው ጨው 700 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። 120 ተማሪ ላለው ትምህርት ቤት በ180 የትምህርት ቀን ሲባዛ 32 ኩንታል ተኩል እህል፣ 6 ኩንታል ተኩል ጥራጥሬ፣ 235 ሊትር ዘይትና 65 ኪሎ ጨው ይሆናል። ይህን ሁሉ በአንዴ አታምጡት። በዚያ ሙቀት ማሽላ በሁለት ሦስት ወር ነቀዝ ይበላዋል። በሁለት ወይም በሦስት ዙር ይግባ፤ ጆንያው ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ግማሽ ሜትር ርቆ ይደርደር። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ንብርብር ጆንያ ያለ መድኃኒት ነቀዝን ያፍናል፤ አፉ በየቀኑ ከተከፈተ ግን ጥቅሙ ይቀራል፤ ስለዚህ ለሳምንት የሚበቃውን ብቻ በተራ ክፈቱ።

የሚበስለው ልጁ የሚያውቀው ይሁን። የማሽላ ገንፎ፣ ከቡና ገለባ የሚፈላው ሸፈሮ፣ ከተገኘ ወተት። መኮሮኒና ሩዝ የጫነ መኪና ለላኪው ደስ ይለዋል፤ ሲያልቅ ግን የሚተካው ከሠፈሩ አይገኝም። ማሽላውን ከአካባቢው ገበያ፣ አዝመራው በገባ ሰሞን ግዙት፤ የከይ አፈር ሐሙስ፣ የቱርሚ ሰኞ፣ የዲመካ ቅዳሜ ገበያ ነው። ምግብ አብሳዮቹ የተማሪ እናቶች ይሁኑ፤ ደመወዛቸውም በሰዓቱ ይከፈል። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ካልተሠራ ሴት ተማሪዎች ለትምህርት ቤቱ እንጨት ለቃሚ ይሆናሉ፤ ይህ በብዙ ቦታ የሚታይ ጥፋት ነው።

የትምህርት ዘመኑ ከመስከረም እስከ ሰኔ የተቀረጸው ለደጋ ገበሬ ልጅ ነው። በታችኛው ኦሞ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ በወንዙ ዳር የሚዘራው ደግሞ ከጥቅምት ገደማ ይጀምራል። የአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፦ የመጀመሪያዎቹን አራት ክፍሎች በሦስት ዓመት አጠቃሎ ያስተምራል፣ ሰዓቱንና ወራቱን ማኅበረሰቡ ይመርጣል። ጠዋት ከብቱ ከመሰማራቱ በፊት ወይም ከሰዓት በኋላ ከብቱ ከገባ በኋላ ሊሆን ይችላል። ከከብቱ ጋር ለሚንቀሳቀስ የመማሪያ ጣቢያ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፦ የሚታጠፍ ጥቁር ሰሌዳ፣ 35 ትንንሽ የእጅ ሰሌዳ፣ ጠመኔ፣ የሰሌዳ ቀለም አንድ ጣሳ፣ መጻሕፍት የሚቆለፉበት ቆርቆሮ ሣጥን፣ አንድ አህያ። የሚፈርሰው በዕቃ እጦት አይደለም። የአመቻቹ፣ ማለትም የጣቢያው አስተማሪ፣ ደመወዝ ሁለት ወር ሲዘገይ፣ ውሃና ማደሪያ ሲያጣ ነው የሚፈርሰው።

አመቻቹ የማኅበረሰቡ ልጅ ይሁን። ስምንተኛ ክፍል ብቻ የጨረሰ የሐመር ወጣት፣ ቋንቋውን ከማያውቅ ዲፕሎማ ካለው መምህር ይልቅ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ይበልጣል። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጀምሮ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ተፈቅዷል፤ ነገር ግን በአንድ አካባቢ ሐመርኛና አሪኛ ከኦሞቲክ፣ ዳሰነችኛና ፀማይኛ ከኩሽ፣ ኛንጋቶምኛና ሙርሲኛ ከናይሎ ሰሐራ የሆኑበት ቦታ ላይ መጽሐፍ ለሁሉም እኩል አልደረሰም። ለየትኛው ቋንቋ ምን እንደታተመ ከትምህርት መምሪያው ጠይቁ፤ የታተመ ካለ አባዝቶ ማድረስ ከየትኛውም ስጦታ ይቀድማል።

ቋንቋ ሲባል ቃል መተርጎም ብቻ አይምሰላችሁ። አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። የደጋው መምህር ባለ ቀለም ካርድ ይዞ ሙርሲ ልጆች ፊት ይቆማል፤ «ይህ ምንድን ነው?» ይላል። ልጁ የሚመልሰው የከብት ስም ይመስላል፤ መምህሩ ስህተት ነው ብሎ ያልፈዋል። ልጁ ግን በትክክል መልሷል፤ በሙርሲ ቀለም የሚጠራው በከብት ቆዳ ቀለም ነው፣ ልጁ ለመምህሩ የማይታየውን የዝንጉርጉርና የቡራቡሬ ልዩነት ለይቶ በስሙ ይጠራል። መምህሩ ካርዱን ትቶ በረት አፍ ላይ ቢያቆመው ያ ልጅ ክፍሉን ሁሉ ያስተምራል። ፊደልም እንዲሁ። «ባ» ባቡር እያለ የሚጀምር መጽሐፍ ባቡር ላላየ ልጅ ሁለት እንቆቅልሽ በአንዴ ነው። ቁጥርም እንዲሁ፤ 40 ፍየል አሰማርቶ 38 ሲመለስ ስንት እንደጎደለ ሳይቆጥር በዓይኑ የሚያውቅ ልጅ መቀነስን ያውቃል፤ የቀረው ምልክቱን መጻፍ ነው። አማርኛውን መጀመሪያ በአፍ፣ በጨዋታ፣ በዘፈን አስገቡት፤ ንባቡ በራሱ ቋንቋ ከጸና በኋላ የአማርኛው ንባብ ይፈጥናል።

ፀጉር አስላጩ፣ ጨሌ አውልቁ፣ ቆዳ አትልበሱ የሚል ትምህርት ቤት ልጅ ያባርራል። ንጽሕና አንድ ነገር ነው፣ ማንነትን ማስወለቅ ሌላ። የደንብ ልብስ ካስፈለገ ቀላል ሸሚዝና ቁምጣ ይበቃል፤ ከጨሌው በላይ ይለበሳል።

ስም ላይ የሚሠራው ስህተት ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው የሚጎዳው። መዝጋቢው ስሙን መጻፍ ሲያቅተው የሚቀለውን አማርኛ ስም ይሰጠዋል። ልጁ ደግሞ የልደት ስም፣ ሲጎለምስ በከብቱ የሚጠራበት ስም ሊኖረው ይችላል። አንደኛ ክፍል ላይ አንድ ስም፣ ስድስተኛ ክፍል ፈተና ላይ ሌላ፣ ስምንተኛ ላይ ሦስተኛ ተጽፎ ኮሌጅ ሲደርስ ማስረጃው የሱ መሆኑን ማሳየት ያቅተዋል። በመጀመሪያው ቀን ስሙን ከእናት ወይም ከአባት አፍ ሰምታችሁ፣ በቋንቋው ተናጋሪ አስጽፋችሁ፣ የአባት ስሙን ጨምራችሁ በአንድ ባሕር መዝገብ ያዙ፤ ቀበሌው የልደት ማስረጃ እንዲሰጥ በዚያው ሳምንት ተከታተሉ። የሕዝቡም ስም እንዲሁ ነው፦ ዳሰነችን «ገለብ»፣ ኛንጋቶምን «ቡሜ» እያላችሁ ሪፖርት አትጻፉ፤ የሌላ ሰው አጠራር ነው። «ኋላ ቀር» የሚለውን ቃል ደግሞ ከነጭራሹ ጣሉት።

ልጅ በብዛት የሚጠፋው መሸጋገሪያው ላይ ነው። ሠፈር ያለው ጣቢያ አራተኛን ይጨርሳል፤ አምስተኛ ክፍል ያለው ሩቅ ቀበሌ ነው፤ ሰባተኛ ደግሞ ወረዳው ከተማ። ሆስቴል የሚያስፈልገው እዚህ እንጂ ለሰባት ዓመት ሕፃን አይደለም፤ ያን ዕድሜ ከእናቱ አትለዩት። ለ60 አዳሪ 30 ተደራራቢ አልጋ፣ 60 ፍራሽ፣ 60 አጎበር፣ የሚቆለፍ ሣጥን ለያንዳንዱ። አጎበሩ ከመሰቀሉ በፊት አንድ ቀን ጥላ ሥር ይናፈስ፤ ቢበዛ 20 እጥበትና ሦስት ዓመት ያገለግላል፣ ስለዚህ የመተኪያው ገንዘብ ከአሁኑ ይያዝ። ፊት መታጠቢያ በየክፍሉ ደጅ ይኑር፤ የተበሳ 5 ሊትር ጄሪካንና ሳሙና ይበቃል። ትራኮማ የሚዛመተው በቆሸሸ ፊት ላይ በሚያርፍ ዝንብና ፊት በሚጠራረጉበት የጋራ ጨርቅ ነው።

ለሴቶች መጸዳጃው ለ25 ልጅ አንድ መቀመጫ ነው፤ ለወንዶች ለ50 አንድ መቀመጫና የሽንት መሽኛ። የሴቶቹ በር ከውስጥ ይቆለፍ፣ ከወንዶቹ በቅጥር ይለይ፣ ውስጡ ውሃ ይኑረው። የወር አበባ ጨርቅ ካደላችሁ የሚታጠብበትና ፀሐይ ላይ የሚሰጣበት የተከለለ ቦታ አብሮ ይሠራ፤ ማስጫ ካልተገኘ በድብቅ በእርጥቡ ይለበሳል፣ ልጅቷ ትታመማለች። የሴቶች ማደሪያ የቤት እናት ያስፈልገዋል፤ ቋንቋቸውን የምትናገር፣ እዚያው የምታድር። ሕጉ የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው ይላል፤ ጥሎሹ ከብት በሆነበት ቤት ግን ወረቀቱ ብቻውን አይከላከላትም። የሚከላከላት አባት በየወሩ መጥቶ የሚያያት፣ ትምህርቷ የት እንደደረሰ በቋንቋው የሚነገረው ከሆነ ነው። ለአባት የመጓጓዣና የአንድ ቀን ምግብ በጀት ያዙ።

በማኅበረሰቡ ውስጥም የተገለለ አለ። በአሪ ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች አብረው እንዳይበሉ፣ እንዳይጋቡ የተደረጉ ናቸው፤ ልጆቻቸው ክፍል ውስጥ ጥግ ላይ ለብቻ ሲቀመጡ ማንም ላያስተውል ይችላል። የመቀመጫ ሰሌዳው በየወሩ በዕጣ ይቀየር፣ የምግብ ሳህኑም አይለይ።

ቱሪስት የሚበዛበት መንገድ ላይ ልጆች «ሃይላንድ!» እያሉ ባዶ ፕላስቲክ ይለምናሉ፤ በገበያ ቀን ለፎቶ ይቆማሉ። ብስኩት፣ እስክሪብቶ፣ ብር ከመኪና መስኮት የሚሰጥ እጅ ልጁን ከክፍል ያወጣዋል። ደብተሩን ለትምህርት ቤቱ በደረሰኝ አስረክቡ።

አንድን ልጅ ለይቶ ፎቶውን ለረጂ እየላኩ መደገፍም አይመከርም። ከአንድ ቤት አንዱ ይለብሳል፣ ሌላው ያያል፤ ረጂው ሲያቋርጥ ልጁ የሚጠይቀው ራሱን ነው። ገንዘቡ በአንድ ቋት ገብቶ ለወፍጮ፣ ለውሃ፣ ለምግብ ይዋል። የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረቱ ግዢውን ይፈርም፤ ማንበብ ለማይችሉት አባላት ወጪና ገቢው በየወሩ በስብሰባ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ስምምነቱ ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጋር ሲፈረም «ከሦስተኛው ዓመት በኋላ የአመቻቹን ደመወዝ ማን ይከፍላል?» የሚለው በጽሑፍ ይስፈር። በድርጅት ስም የምትሠሩ ከሆነ በአዋጅ 1113/2011 መሠረት የአስተዳደር ወጪያችሁ ከ20 በመቶ አይለፍ። ባለሥልጣን ስታነጋግሩ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 89 ንዑስ አንቀጽ 4 ያዙ፤ በዕድገት ወደኋላ ለቀሩ ብሔር ብሔረሰቦች ልዩ ድጋፍ የማድረግ ግዴታ የመንግሥት መሆኑን ይናገራል። ስትጠይቁ የምትጠይቁት ውለታ አይደለም።

አሥራ ስድስት አሥራ ሰባት ዓመት የሞላው የሐመር ልጅ ወደ ጎልማሳነት ለመሸጋገር ከብት የሚዘልበት ጊዜ ሲደርስ ለሳምንታት ወደ ሠፈሩ ይመለሳል። ብዙ ትምህርት ቤት «ቀረ» ብሎ ከመዝገብ ይሰርዘዋል፤ ልጁም በዚያው ይቀራል። ከመሄዱ በፊት ቀኑን ከአባቱ ጋር ተነጋገሩ፣ የሚያመልጠውን ትምህርት በወረቀት ስጡት፣ ሲመለስ ማካካሻ የሚያስተምረውን መምህር ከወዲሁ መድቡ፣ አልጋውንም ለሌላ አትስጡበት።